«ለበጎ ነው» ተብሎ የተሄደበት መንገድ

አንድ መሪ ያለመው ነገር መልካም ከሆነ፣ እዚያ ለመድረስ የተጠቀመበት መንገድ ቢከፋም ይቅር ይባልለታልን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ለዩኒቨርሲቲ መምህራንና ለፖለቲከኞች የተተወ ይመስላል። ይሁን እንጂ በላስታ ደጋ የሚኖር ሽማግሌ አርሶ አደር ጥያቄውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ኑሮ ያውቀዋል። በእርሱ ዕድሜ መሬት ለአምራች ማኅበር ተከልሏል፤ እህል በኮታ ተሰፍሯል፤ ጎረቤት በአውሮፕላን ተጭኖ ወደማያውቀው ቆላ ተወስዷል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ታዲያ «ለአንተው ጥቅም ነው» ይባል ነበር።

የዩኒየን ምሥረታ በዓል በሚዘከርበት መጽሔት ላይ እንዲህ ያለውን ነገር ማንሳት ለድግስ የማይመች ወሬ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን «ማኅበር» የሚለው ቃል አርሶ አደሩን ለረዥም ጊዜ ለምን ሲያሸሸው እንደኖረ ያልተረዳ ሰው፣ ዛሬ ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በምን ላይ እንደቆሙ ሊረዳ አይችልም። ስለዚህ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

«ግቡ መንገዱን ያጸድቃል» የሚለው አባባል ዘወትር የሚሰጠው በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ከተማ ይኖር ለነበረው ለኒኮሎ ማኪያቬሊ ነው። ማኪያቬሊ በ1513 እ.ኤ.አ. ስለ መሳፍንት አገዛዝ በጻፈው አነስተኛ መጽሐፍ ውስጥ አባባሉ በዚህ መልክ አይገኝም፤ ብዙኃኑ ሰው የመሪን ሥራ የሚመዝነው በውጤቱ ነው የሚል ሐሳብ ግን አለበት። በአገራችንም ስለ ሥልጣን የተነገሩ አባባሎች ሞልተዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አንዱ ነው። ይህ ግን ስለ ሹሙ ሆድ የተነገረ በመሆኑ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሆዳም ሹም ውሎ አድሮ ይታወቃል። የሚያስቸግረው ለራሱ የማይበላው፣ የአገር ጉዳይ ከልቡ የሚያንገበግበው መሪ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዓላማዬ ንጹሕ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ዋጋውን ሌላው ቢከፍልለት ቅር አይለውም።

ዙፋን በፈቃድ ወይስ በጦር

ላስታ ከዚህ ክርክር ጋር የተዋወቀችው ከጥንት ጀምሮ ነው። መቀመጫውን በላስታ አድርጎ የነበረው የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ያበቃው በ1270 እ.ኤ.አ. ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ ነው። ስለ ሽግግሩ ሁለት ዓይነት ትረካ አለ። አንደኛው፣ ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት ዙፋናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ዘሮቻቸውም ዋግን እየገዙ ክብራቸው ተጠብቆላቸው እንዲኖሩ፣ ለቤተ ክርስቲያንም ሲሶ መሬት እንዲሰጥ ስምምነት ተደረገ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ ይትባረክ በጦርነት ተሸንፈው፣ ጋይንት ውስጥ ከተጠጉበት ቤተ ክርስቲያን ተገደሉ ይላል። የብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ሚዛን የሚያጋድለው ወደ ሁለተኛው ነው።

የሚያስገርመው ለዘመናት በክብር ሲነገር የኖረው የመጀመሪያው መሆኑ ነው። በጉልበት የተያዘ ሥልጣን እንኳ በፈቃድ የተሰጠ መስሎ መታየትን ይወዳል። ውድ አንባቢ ይህችን ነገር ይያዟት፤ ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ በዙፋን ላይ ሳይሆን በገበሬ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

ከዚያ ወዲህ ባለው ታሪክ ግብና መንገድ እንደ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተጣሉበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ የዘመነ መሳፍንት መከፋፈል እንዲያበቃና አንድ አገር እንዲቆም ነበር ምኞታቸው። ለገበሬውም ያሰቡለት ነገር ነበር። ወታደር በገበሬ ቤት እየገባ መብላቱ ቀርቶ ደመወዝ እንዲቀበል፣ ገበሬው እንዲያርስ፣ ነጋዴው እንዲነግድ ፈለጉ። ሐሳቡ ማለፊያ ነበር። ችግሩ ለተቃወማቸው ሁሉ አንድ መድኃኒት ብቻ ማዘዛቸው ነው። የዋጉ ገዥ ዋግሹም ገብረ መድኅን በእርሳቸው ትእዛዝ ተሰቀሉ። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜም ሸፈቱና በዋግና በላስታ ጦር አሰባሰቡ። አንዱ ሲቀጣ ሌላው እየሸፈተ፣ ግብር የሚገባበት አገር እየጠበበ ሄደ። ግብር ሲጠፋ ደመወዝ ጠፋ። ደመወዝ ሲጠፋ ያ ሁሉ ሠራዊት ተመልሶ በገበሬው ላይ ወደቀ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። ገበሬውን ከወታደር እጅ ለማውጣት የተጀመረው መንግሥት ገበሬውን ዘርፎ የሚያድር መንግሥት ሆነ ማለት ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ መቅደላ አምባ ላይ ሲያበቃም፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በአሮጌ ከተደረገው ውጊያ አንድ ቀን አስቀድሞ ብዙ እስረኞች ወደ ገደል ተወርውረዋል። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ቴዎድሮስን የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ የሚወደድበትም ምክንያት አለ። ግን ስለ እርሳቸው የሚነገረው ሁሉ ስለ ሕልማቸው ሲሆን፣ በዚያ ሕልም መንገድ ላይ ጎተራው ስለተገለበጠበት ገበሬ የሚነገረው ጥቂት ነው።

ዋግሹም ጎበዜስ? የአባታቸውን ገዳይ ለመጣል ሲሉ የእንግሊዝ ጦር በግዛታቸው እንዲያልፍ አልከለከሉም። ቴዎድሮስ ወደቁ፤ እርሳቸውም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ግን ሲመለስ መሣሪያ የሰጠው ለትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ነበር። በ1863 ዓ.ም. ተክለ ጊዮርጊስ አድዋ አጠገብ በካሳ ተሸንፈው ተማረኩ። ካሳም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። ጠላትን ለመጣል በር የተከፈተለት እንግዳ ሲወጣ ጠመንጃውን ለሌላ ባለተራ ትቶ ሄደ።

ረሃብን መደበቅ፣ ረሃብን መጠቀም

ወደ ቅርቡ ዘመን ሲመጣ ነገሩ ከነገሥታት ጠብ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ገበሬው ጓዳ ይገባል።

በ1965 ዓ.ም. እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ረሃብ ገባ። ሰው ከብቱን ሸጦ ሲጨርስ ወደ ዋናው መንገድ ዳር፣ ወደ ከተሞቹም ጎረፈ። ባለሥልጣናቱ ነገሩን ያውቁት ነበር፤ የእርሻ ሚኒስቴርም አስቀድሞ የሰብሉን መበላሸት አመልክቶ ነበር። ይሁን እንጂ የመንግሥት ስም እንዳይጠፋ፣ እንግዳና ቱሪስት እንዳይሸሽ ተብሎ ነገሩ ተዳፈነ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን የተሸፈነው ተገለጠ። ስለ ሟቾቹ ብዛት የተሰጠው ግምት የተለያየ ነው፤ ዝቅተኛው እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው።

ደርግ ይህንኑ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግብዣና ከሠርግ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። በፊልሙ ላይ የታየው የተራበ ሰው እውነተኛ ነበር፤ የታየበት ምክንያት ግን ዙፋኑን መጣል ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ ስድሳ የሚጠጉ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናትና ሌሎች ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ በሥራ ላይ እያለ ነው ይህ የተደረገው። ወሎን ያስራበ ሹም ቢኖር በችሎት ፊት ቆሞ፣ ምን ያውቅ እንደነበርና ለምን ዝም እንዳለ ቃሉ ሊሰማ ይገባ ነበር። ያ ቃል ሳይሰማ ቀረ። ሳይሰማ በመቅረቱም ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ጥፋት ሲደገም የሚያስታውስ መዝገብ አልነበረም።

ከመሬት አዋጁ እስከ ወላንድ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ታላቅ ሥራ መሆኑን መካድ አይቻልም። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ጭሰኝነትን አስቀርቷል። በላስታ መሬት በአብዛኛው በርስት የሚያዝ ስለነበር ለውጡ ያን ያህል አልነበረም፤ ሆኖም ርስት የማይቆጠርለት ሰው ድርሻ እንዲያገኝ በር ከፍቷል። የገበሬ ማኅበራትም በየቦታው ተቋቋሙ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገበሬው ማኅበሩን እንደ ራሱ ዳኛና እንደ ራሱ አስተዳደር ያየው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። በ1970 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 138 ወጣ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የአምራቾች ማኅበር መመሪያ ተከተለው። መመሪያው ሦስት ደረጃ ነበረው። በመልባ መሬቱ የጋራ ሆኖ በሬውና መሣሪያው የግል ይቆያል። በወልባ በሬውም መሣሪያውም የማኅበሩ ይሆናል፤ ለቤተሰቡ የሚቀረው ከጓሮ ያላለፈ ቁራሽ መሬት ነው። ወላንድ ደግሞ ብዙ ወልባዎች ተጠቃለው የሚደርሱበት የመጨረሻው እርከን ነው። አባሉ የሚያገኘው ሠርቶ ባስመዘገበው ነጥብ ልክ ይታሰብለታል።

በወረቀቱ ላይ አባልነት በፈቃደኝነት ነበር። አፈጻጸሙ ግን ሌላ ነበር። ለማኅበሩ ለሙና ሜዳው ማሳ ይከለልለታል፤ ማዳበሪያና ብድር ይቀድመዋል፤ የእርሻ ባለሙያውም ከማኅበሩ ማሳ አይርቅም። አልገባም ያለው ገበሬ መሬቱ በክልሉ ውስጥ ከዋለ ተነሥቶ ወደ ተዳፋቱ ይሸጋገራል። እምቢ ማለት አልተከለከለም፤ እምቢ ያለ ሰው ግን በሚቀጥለው ክረምት የት እንደሚያርስ ያውቀዋል። በቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው «በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» የሚል ነው። ዙፋኑ በፈቃድ ተለቀቀ እንደተባለው ዓይነት መሆኑ ነው።

ይህን ያደረጉት ካድሬዎችና ባለሙያዎች ሁሉ ክፉ ሰዎች ነበሩ ማለት ስሕተት ይሆናል። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ የተበጣጠሰ ማሳ ተሰብስቦ፣ ገበሬው ጉልበቱን አስተባብሮ ከድህነት ይወጣል ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከገበሬው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ወደ አምራች ማኅበር ለማስገባት ያለመ ነበር። ቁጥሩ ከላይ ወረደ፤ ከታች ያለው ሰው ቁጥሩን መሙላት ነበረበት። ውጤቱ ሲታይ ግን አምራች ማኅበራቱ እስከ መጨረሻው ድረስ የያዙት ከአገሪቱ እርሻ ጥቂቱን እጅ ብቻ ሲሆን፣ ያን ሁሉ እንክብካቤ አግኝተው ምርታቸው ከግል ገበሬው አልበለጠም። ነገሩን የእርሻ ባለሙያ ሊያስረዳው ይችላል። ሌሊት ተነሥቶ ውኃ የሚያቁር፣ አረሙን በወቅቱ የሚነቅል፣ በሬው ሲታመም እንቅልፍ የሚያጣ ሰው የራሱ የሆነ ነገር ያለው ሰው ነው።

በሶቪየት ኅብረት ተመሳሳይ ሥራ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስታሊን ዘመን ተሠርቶ ነበር። ገበሬው ከብቱን ለጋራ እርሻ ከማስረከብ አርዶ መብላትን መረጠ፤ ከዚያም በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያለቀበት ረሃብ ተከተለ። የደርግ አማካሪዎች ይህን ታሪክ የማያውቁ አልነበሩም።

ከማኅበሩ ጎን ለጎን የመጣው ኮታ ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያ ባነሰ ቁርጥ ዋጋ እህል ይገዛ ነበር። የከተማው ነዋሪና ሠራዊቱ በርካሽ እንዲቀለብ የታሰበ ነው፤ እንደ ዓላማ ምን ክፋት አለው? ነገር ግን የተጣለበትን ኮታ የሚሞላ እህል ያጣ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። ነጋዴው ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እህል እንዳያጓጉዝ በየኬላው ይያዛል። ወሎ ሲርበው ከተረፈረፈበት አገር እህል በንግድ የሚመጣበት መንገድ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው።

አሥረኛው ዓመት

መጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለለጋሽ አገሮች ከባድ ረሃብ እየመጣ መሆኑን አስታወቀ። አዲስ አበባ ግን ለሌላ ነገር እየተዘጋጀች ነበር። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲም ሊመሠረት ነው። በየአደባባዩ ሐውልትና ቅስት ቆመ። ወደ ሰሜን ለመሄድ የጠየቁ የውጭ ጋዜጠኞች በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ፈቃድ ተከለከሉ። የኮረም መጠለያ ሥዕል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ረሃብን ደብቀዋል ተብለው ዙፋን ያጡት ንጉሥ ጥፋት በአሥረኛው ዓመት በከሳሾቻቸው ተደገመ። እንዲያውም ሁለተኛው ይብሳል፤ የመጀመሪያው ምን እንዳስከተለ እያዩ የሠሩት ነውና።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሰፈራ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ግቡ ከሁሉም ይልቅ አሳማኝ ሆኖ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የላስታ መሬት ለብዙ መቶ ዓመታት ታርሷል። ተዳፋቱ አፈሩ ተጠርጎ ድንጋዩ ፈጥጧል፤ የአንድ ቤተሰብ ማሳም ለልጅ ሲከፈል ተከፍሎ አልቋል። ዝናብ ያለበት፣ ሰው የሳሳበት ሰፊ መሬት በምዕራብ ኢትዮጵያ ነበር። ሰውን ወደዚያ ማዛወር በራሱ እብደት አይደለም። ከመንግሥት ዕቅድ በፊትም በገዛ እጃቸው የሄዱ የወሎ ሰዎች ነበሩ።

መንግሥት 300,000 አባወራ፣ በሰው ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ለማስፈር አቀደ። ከ1977 ዓ.ም. መግቢያ አንሥቶ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ባልበለጠ ጊዜ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ተጓጓዘ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከወሎ ነበር። በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ተወሰደ። ባልና ሚስት የተለያዩበት፣ ልጅ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። የደጋ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ወባ ጠበቀው፤ በሬው ደግሞ በገንዲ አለቀ። ስንት ሰው እንደሞተ ግምቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ድርጊቱን በይፋ የተቃወመው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በ1978 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

«ሁሉም በግድ ሄደ» ማለትም እውነቱን አያሟላም። በሰፈራ መንደሮች ተቀምጦ ሰፊ ጥናት ያደረገው አሉላ ፓንክረስት እንደጻፈው፣ ከሰፋሪዎቹ ገሚሱ ተገዶ፣ ገሚሱ ተታሎ፣ ገሚሱ ደግሞ ረሃቡንና ችግሩን አስቦ ወስኖ ነው የሄደው። ግን ውሳኔ የሚባለው ምን ዓይነት ነው? ልጁ በጠኔ ሊሞትበት የደረሰ ሰው «ትሄዳለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ቢል፣ ያ ቃል በቃለ ጉባኤ ላይ ፈቃድ ሆኖ ይመዘገባል። ሄዶ ሲያየው ባይስማማው ወደ ቀየው መመለስ ተከልክሏል፤ ጠፍቶ የተመለሰም ይያዝ ነበር። ፈቃድን ከግዴታ የሚለየው «አዎ» የተባለበት ቀን አይደለም፤ ከዚያ በኋላ «ይቅርብኝ» ማለት መቻሉ ነው።

ሰፋሪው የደረሰበት ምድርም ባዶ አልነበረም። የጉሙዝ፣ የአኙዋክ፣ የኦሮሞ፣ የበርታና የሌላውም ሕዝብ ማሳ፣ ደንና ማደኛ ያረፈበት ነው። ከእነርሱ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪ በእግሩም ጭምር ወደ ወሎ ተመለሰ፤ ቀዬው ሲደርስ መሬቱ ለሌላ ተደልድሎ አገኘው። እዚያው የቀረው ደግሞ አርሶ፣ ወልዶ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጋብቶ ደህና ኑሮ የመሠረተ አለ። ነገር ግን ያ ያልተጠየቀ ፈቃድ ቂም ሆኖ ተቀምጧል። ሰኔ 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በግፍ ከተጨፈጨፉት ብዙዎቹ የእነዚያ ሰፋሪ ቤተሰቦችና ልጆቻቸው ነበሩ። ገዳዮቹን ከደሙ የሚያነጻ ታሪክ የለም። ያም ሆኖ በ1977 ዓ.ም. በጥድፊያ የተፈጸመ ሥራ ዕዳ ያን ጊዜ ያልተወለደ ሕፃን ላይ ማረፉ መታየት አለበት።

መውጣት የተፈቀደለት ሰሞን

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አወጁ። አባላት ከፈለጉ አምራች ማኅበራቸውን ማፍረስ እንደሚችሉ ተነገረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በሰሜኑ ጦርነቱ ቀድሞ ያፈራረሳቸው ሳይቆጠሩ፣ በሌላው አካባቢ የነበሩት አምራች ማኅበራት በሳምንታትና በወራት ውስጥ በሬ ተከፋፍለው፣ መሬት ተደላድለው ተበተኑ። «በሙሉ ድምፅ» የተመሠረተው በሙሉ ድምፅ ፈረሰ፤ የሁለተኛው ድምፅ ግን የእውነት ነበር።

የሚያሳዝነው አብሮ የጠፋው ነገር ነው። የአገልግሎት ማኅበራት ከአምራቾቹ የተለዩ ነበሩ፤ ስኳርና ጨርቃ ጨርቅ በተመጣጣኝ ዋጋ ያቀርቡ፣ ወፍጮ ያስተክሉ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በብዙ ቦታ መጋዘናቸው ተዘረፈ፤ በዘመቻ የተተከለው የማኅበረሰብ ደንም ተጨፈጨፈ። እርከኑን የሠራውና ችግኙን የተከለው ያው የዘረፈው ገበሬ ነበር። ዱር የወደደ ሆኖ አይደለም። በግድ የተሠራ ነገር የመንግሥት እንጂ የእርሱ አልመሰለውም። መልካሙ ሥራ ከመጥፎው መንገድ ጋር አንድ ላይ ተቀበረ።

ደርግን ያሸነፈው ወገንም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በርካታ አካባቢዎች በተካሄደው የመሬት ድልድል መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች ድርሻ አግኝተዋል። ይህ ፍትሕ ነው። ነገር ግን በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገለው ሰው «ቢሮክራት» የሚል ስም ተሰጥቶት፣ በግሉ የሠራው በደል ሳይመረመር ከሌላው ያነሰ መሬት እንዲይዝ ተደረገ። ከእነዚህ መካከል የሰው ከብት የነዳ እንደነበረ ሁሉ፣ ሕዝቡ መርጦት ሳይወድ የተሾመም ነበር። በጅምላ የሚቀጣ ሰው የበደለኛውን ከንጹሑ ለመለየት ጊዜ የለኝም ማለቱ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ሰፈራ እንደገና ሲጀመር ግን ካለፈው የተወሰደ ትምህርት መኖሩ ታይቷል። ሰፈራው በክልሉ ውስጥ፣ ወደ መተማ፣ ቋራና ጠገዴ እንዲሆን፣ በፈቃደኝነት እንዲሆን፣ ሰፋሪው የለቀቀው መሬትም ለሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት ተወሰነ። አፈጻጸሙ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ሆኖም ያቺ ሦስት ዓመት ትልቅ ነገር ናት። መመለሻ ያለው ሰው «አዎ» ሲል ቃሉ ቃል ነው።

የኅብረት ሥራውም መንገድ እንዲሁ ነው የተቀየረው። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147፣ በኋላም የተተካበት አዋጅ ቁጥር 985/2009፣ ሁለቱም የቆሙት በፈቃደኝነትና በክፍት አባልነት ላይ ነው። ሐሳቡ የአንድ መንግሥት ፈጠራ አይደለም። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ ሸማኔዎች የሚገኙባቸው 28 የሚሆኑ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ አዋጥተው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና አጃ ነበር የሚሸጡት። ያዘዛቸው ካድሬ አልነበረም፤ የወረደላቸውም ቁጥር የለም። አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው ሥርዓት ከእነርሱ ወደ ዓለም ተሠራጨ።

በ1990ዎቹ መሠረታዊ ማኅበራት እንደ አዲስ ሲደራጁ ታዲያ ትልቁ እንቅፋት የካፒታል እጥረት ብቻ አልነበረም፤ ቃሉ ራሱ ነበር። «ማኅበር» ሲባል በሬውን የሚያስብ፣ «መዝገብ» ሲባል ሰፈራን የሚያስታውስ ገበሬ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለማሳመን ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ በአቋራጭ ለማስገባት ግን አንድ ቀን ይበቃል። ዕጣ ያልገዛ ማዳበሪያ አያገኝም ማለት፣ ወይም ከሴፍቲኔት ክፍያ ላይ የአባልነት መዋጮ ሳይጠይቁ መቁረጥ፣ የዓመቱን ዕቅድ በሪፖርት ላይ መቶ በመቶ ያደርሰዋል። ለዩኒየኑ ካፒታል፣ ለወረዳውም መልካም ስም ነው። ግቡም መልካም ነው፤ ገበሬው በደላላ እንዳይበዘበዝ፣ ገብሱና ማሩ በደህና ዋጋ እንዲሸጥ ነው። ወልባም የተጀመረው እንዲህ ተብሎ ነበር።

በመሠረታዊ ማኅበራቱ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አንድ አባል በፈቃዱ ከማኅበሩ መልቀቅ እንደሚችል፣ ዕጣውም በምን አኳኋን እንደሚመለስለት የሚደነግግ አንቀጽ አለ። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ ትርፍ ክፍፍል፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ መጋዘን ግንባታ ሲነበብ ያቺ አንቀጽ ብዙ ጊዜ ትታለፋለች። ለመመዝገብ የመጣ ሽማግሌ ስለ መግቢያው ሳይሆን በመጀመሪያ ስለ መውጫው ቢጠይቅ፣ ጸሐፊው ደንቡን ገልጦ ያችኑ ቢያነብለት ይበቃል።